“የማን ልጅ ነህ?” ከማለት በፊት፦ መጠጊያ ያጡ ቤተሰቦችንና ሕፃናትን ስለ መርዳት



የዛሬው ትምህርታችን ቤትና መጠጊያ ያጡትን ስለ መርዳት ነው። ስለ ምጽዋት ብዙ ጊዜ ተምረናል። መስጠት መልካም እንደ ሆነ፣ የሰጠ እንደማይጎድልበት፣ ቀኝ የሚሠራውን ግራ ማወቅ እንደሌለበት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ “መስጠት ይገባል ወይስ አይገባም?” በሚለው ላይ ጊዜ አናጠፋም። የምንመለከተው ሌላ ነገር ነው። ይኸውም አንድ ቤት ያጣ ቤተሰብ ወይም አንድ ብቻውን የቀረ ሕፃን በፊታችን ሲቆም በመጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ ምንድን ነው? ከጠየቅን በኋላስ እርዳታችን ያን ሰው ወዴት ያደርሰዋል? የሚለው ነው።

በአገራችን ልጅ ሲገኝ የተለመደው ጥያቄ “የማን ልጅ ነህ?” የሚል ነው። ጥያቄው በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አንዱ ሰው ለመለየትና ለመከልከል፣ ሌላው ደግሞ ዘመድ ፈልጎ ለማገናኘት ሊጠይቀው ይችላል። በአንዱ አፍ ላይ በር መዝጊያ፣ በሌላው አፍ ላይ በር መክፈቻ ይሆናል። የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ እንጀራውና መጠለያው ይቅደም፣ ጥያቄው ይከተል፤ ጥያቄውም ልጁን ወደ ወገኑ ለማድረስ ይሁን።

1. መጠጊያ ያጣ የምንለው ማንን ነው?

ብዙ ሰው “ቤት የሌለው” ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለው በከተማ አስፋልት ዳር የሚያድር ልጅ ነው። እርሱም አንዱ ነው። በአካባቢያችን ያለውን ሁኔታ በጥንቃቄ ስናይ ግን ችግሩ ከአንድ በላይ መልክ አለው።

የመጀመሪያዎቹ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውና የሚያሳድጋቸው ሰው ያጡ ልጆች ናቸው። ሁለተኛዎቹ አባትና እናት ያላቸው፣ ነገር ግን ቤተሰቡ በሙሉ ከቀዬው የተነቀለባቸው ናቸው። እነዚህ የጠፋባቸው ጣሪያው፣ እርሻውና ከብቱ ነው እንጂ ፍቅሩ አይደለም። ሦስተኛዎቹ በሽሽት ጊዜ ከቤተሰባቸው ተለያይተው የቀሩ ናቸው። ወላጅ አላቸው፣ የት እንዳለ ግን አያውቁም። አራተኛዎቹ ደግሞ በዘመድ ወይም በማያውቁት ሰው ቤት ተጠግተው የሚኖሩ ናቸው። ጣሪያ ስላላቸው ከቁጥር ይቀራሉ፤ ነገር ግን አስጠጊው ራሱ ድሀ ሲሆን ለስድስት ሰው የነበረው ሽሮ ለአሥራ አንድ ይሆናል።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? ለአራቱም አንድ ዓይነት እርዳታ ስለማይበቃ ነው። ወላጅ ያለውን ልጅ “ወላጅ አልባ” ብሎ ወደ ማሳደጊያ መውሰድ እርዳታ ሳይሆን ሁለተኛ መፈናቀል ነው። የተለያየውን ልጅ ልብስ አልብሶ ዝም ማለት፣ እናቱን አለመፈለግ፣ ግማሽ ሥራ ነው። ተጠግቶ የሚኖረውን ቤተሰብ ረድቶ አስጠጊውን መርሳት ደግሞ ያን በጎ ቤት ማድከም ነው። ረጂ የሆነ ሰው ከመስጠቱ በፊት ማየትን ይማር የምንለው ስለዚህ ነው።

2. የእኛ አገር ከማን ተሠራች?

አንገር ጉቲን ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በምሥራቅ ወለጋ በጊዳ አያና አካባቢ ትገኛለች። የአንገር ወንዝ ሸለቆ ለም ነው። በቆሎውም፣ ማሽላውም፣ ሰሊጡም ይበቅልበታል። የአንገር ወንዝ ወደ ደዴሳ፣ ደዴሳም ወደ ዓባይ ይገባል። ይሁን እንጂ ቆላው ለሰውም ለከብትም ቀላል አልነበረም። ወባው ሰውን፣ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈው ገንዲ ደግሞ በሬውን ይፈጅ ነበር።

ወደዚህ ሸለቆ ብዙ ሰው የገባው በሠፈራ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ ሕዝቡን ከጨረሰ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በአንገር ሸለቆ የሠፈራ ጣቢያ ተመሠረተ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ በባሰ ሁኔታ ሲመለስ፣ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍሎች እንዲሠፍር ተደረገ። ወለጋ ብዙ ሠፋሪ ከተቀበሉት ክፍላተ ሀገር አንዷ ነበረች።

ሠፈራው በችኮላ የተፈጸመና በብዙ ቦታም ሰው ያለ ፈቃዱ የተወሰደበት ስለ ነበር ቤተሰቦችን ለያይቷል። ባል በአንድ መኪና፣ ሚስት በሌላ፤ ልጅ በመጠለያ ጣቢያ፣ አባት በማያውቀው ቆላ ቀርተዋል። የተወሰደው ሰው ሲደርስ በእጁ የነበረው እጅግ ጥቂት ነው። ቋንቋውን አያውቅም፣ ወባውን አልለመደም። የአካባቢው ነባር የኦሮሞ ገበሬም በበኩሉ መሬቱን ሳይጠየቅ እንግዳ መጣበት። እንዲህ ሆኖም በብዙ ስፍራ ለእንግዳው ወተት የሰጠ፣ የሚበላውን የዱር ቅጠል ከማይበላው ለይቶ ያሳየ፣ ዘር ያበደረ ያው ነባሩ ገበሬ ነው። ኋላም በአንድ ገበያ መገበያየት፣ በአንድ እድር መቀበር፣ መጋባትና መዋለድ መጣ። ዛሬ በአንገር ጉቲን ገበያ ሁለቱንም ቋንቋ እያቀላቀለ የማይነጋገር ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ይህች ከተማ ቤት ባጡ ሰዎችና እነርሱን በተቀበሉ ሰዎች የተሠራች ናት። ከእኛ መካከል የአንዳንዳችን አያት በመኪና ተጭኖ የመጣ ነው፤ የአንዳንዳችን አያት ደግሞ በሩን የከፈተ ነው። በዚህች ምድር ላይ ለቆመ ወጣት “መጠጊያ ያጣ ሰው” የሚለው ቃል የሩቅ አገር ወሬ ሊሆንበት አይችልም።

በቅርቡ ዘመንም ያው መከራ በሌላ መልክ ተመልሶብናል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺና በምሥራቅ ወለጋ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ነቀምትና ሌሎች ከተሞች ገብተዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በኪረሙ አካባቢ በመጀመሪያው ጥቃትና እርሱን ተከትሎ በተፈጸመው የአጸፋ ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። የሞቱት አማራም ኦሮሞም ናቸው። በዚያና በተከተሉት ዓመታት ከሁለቱም ወገን ብዙ ቤተሰቦች ቤታቸው ተቃጥሎ፣ ከብታቸው ተነድቶ፣ በትምህርት ቤት ክፍሎች፣ በላስቲክ ዳስና በዘመድ ጓዳ ተጠግተዋል።

እዚህ ላይ ነው ፈተናው የሚመጣው። ሰው በተጎዳ ጊዜ ቁስሉ ይናገራል። “እነርሱ እንዲህ አድርገውናል፣ ስለዚህ የእነርሱን ልጅ ለምን እንረዳለን?” የሚል ድምፅ በእድርም፣ በገበያም፣ በቤትም ይሰማል። “የማን ልጅ ነህ?” የሚለው ጥያቄ ክፉ ትርጉሙን የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ሆኖም የአራት ዓመት ሕፃን የየትኛው ወገን ጦረኛ ነው? ማንን አፈናቀለ? እርሱ የሚያውቀው ሌሊት እንደ ተነሡ፣ እናቱ እንዳዘለችውና ውሻቸው እንደ ቀረ ብቻ ነው።

3. ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያሳዩናል?

ይህ ፈተና አዲስ አለመሆኑን ለመረዳት ሁለት ታሪኮችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ያለው ነው። በኢየሩሳሌም ያለችው የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ለመበለቶች በየቀኑ ምግብ ታድል ነበር። ታዲያ በመካከላቸው ማጉረምረም ሆነ። ምክንያቱም ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ “የእኛ መበለቶች በእደላው ተረስተዋል፣ ዕብራይስጥ ተናጋሪዎቹ ግን ይሰጣቸዋል” በማለታቸው ነው። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው የእርዳታ ክርክር በቋንቋ ምክንያት የተነሣ ነበር ማለት ነው።

ሐዋርያት ምን አደረጉ? ቅሬታውን አልናቁትም፤ “ይህ የሥጋ ነገር ነው” ብለውም አላለፉትም። ሰባት የተመሰከረላቸው ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱንም ስም ብናነብ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ፣ ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። ይህም የመዝገቡና የእህሉ ኃላፊነት ተረሳን ላሉት ወገኖች ጭምር እንደ ተሰጠ ያመለክታል። ከዚያም በኋላ የደቀ መዛሙርቱ ቁጥር እጅግ እንደ በዛ መጽሐፉ ይነግረናል። በእደላ ላይ የሚደረግ ፍትሕ ከስብከት የተለየ ሥራ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው ታሪክ በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ይገኛል። ሩት ሞዓባዊት ናት፤ በቤተ ልሔም እንግዳና ባልዋ የሞተባት ድሀ ናት። ቦዔዝ በእርሻው ላይ ስትቃርም ባያት ጊዜ በአጫጆቹ ላይ የተሾመውን ሎሌ ይህች ሴት የማን እንደ ሆነች ጠየቀ። ያው የእኛ ጥያቄ ነው! ሞዓባዊት እንደ ሆነች በነገረው ጊዜ ግን አላባረራትም። ከእርሻው እንዳትሄድ፣ ስትጠማም ጎልማሶቹ ከቀዱት ውኃ እንድትጠጣ ነገራት፤ ማንም እንዳይነካትም አዘዘ። ከዚህም በላይ አጫጆቹ ከነዶው ዘለላ ሆን ብለው እየጣሉላት እንድትቃርም አደረገ። ሰጥቷት ቢሆን ለማኝ ትሆን ነበር፤ እንድትቃርም በማድረጉ ግን ሠርታ ይዛ ገባች። በኋላም ከዚህች እንግዳ ዘር ንጉሥ ዳዊት ተወለደ። ቦዔዝ የጠየቀው ለመከልከል ሳይሆን ለመጠበቅ ነበር።

4. ጉዲፈቻና የጡት ልጅ

እግዚአብሔር ለሕዝባችን ያለ መጽሐፍ የሰጠው ትምህርትም አለ። በአማርኛ የሌላውን ሰው ልጅ እንደ ራስ ልጅ አድርጎ ማሳደግን “ጉዲፈቻ” እንላለን። ይህ ቃል ከአፋን ኦሮሞ የመጣ ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ውስጥም ይኸው ቃል ይገኛል። በኦሮሞ ባህል የጉዲፈቻ ልጅ እንግዳ ወይም አገልጋይ አይደለም። በአባት ስም ይጠራል፣ ይወርሳል፣ በጎሣው ውስጥ እንደ ተወለደ ይቆጠራል። “አንተ የተወሰድክ ነህ” ብሎ መስደብም ነውር ነው።

በወሎና በሌሎች አማርኛ ተናጋሪ አካባቢዎች ደግሞ “የጡት ልጅ” የሚባል ሥርዓት አለ። ጡት ተጠባ ወይም ጣት ማር ተቀብቶ ተጠባ ማለት ልጁ ልጄ ሆነ፣ ወገኑም ወገኔ ሆነ ማለት ነው። በደም የማይገናኙ ሰዎች፣ እንዲያውም ተጣልተው የነበሩ ቤተሰቦች በዚህ ይዛመዳሉ።

ተመልከቱ፤ በአንገር ጉቲን ጎን ለጎን የሚኖሩት ሁለቱ ሕዝቦች ለአንድ ነገር ሁለት ስም አላቸው። ሁለቱም “የማን ልጅ ነህ?” ለሚለው ጥያቄ “የእኔ” ብሎ የሚመልስ ሥርዓት ከአባቶቻቸው ወርሰዋል። ለጎረቤት ችግር እህልና ከብት አዋጥቶ መስጠትን የኦሮሞ ሽማግሌዎች “ቡሳ ጎኖፋ” ይሉታል፤ ይህም በቅርብ ዓመታት በኦሮሚያ ክልል በመሥሪያ ቤት ደረጃ እንዲቋቋም ተደርጓል። ስለዚህ ልግስና ከውጭ አገር የመጣልን ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ወጣት ቢኖር የራሱን አያት ይጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ማስገባት ግድ ይላል። ልጅ ማስጠጋት ሁሉ ጉዲፈቻ አይደለም። የተፈናቀለን ልጅ “አሳድገዋለሁ” ብሎ ወስዶ የራሱን ልጆች ትምህርት ቤት እየላከ እርሱን ከብት የሚያስጠብቅ፣ ልጅቱንም ያለ ደመወዝ ውኃ የሚያስቀዳና እንጀራ የሚያስጋግር ሰው አለ። ይህ በልግስና ስም የሚፈጸም የጉልበት ብዝበዛ ነው። መለያውም ቀላል ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ልጁ ከሌሎቹ ልጆች ጋር በአንድ ገበታ ይበላል? ከእነርሱ ጋር ይማራል? ሲታመም ጤና ጣቢያ ይወሰዳል? መልሱ “አይ” ከሆነ ያ ልጅ ገና ቤት አላገኘም። ሕጋዊ ጉዲፈቻም በፍርድ ቤት መጽደቅ ያለበት ነው። የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ልጆችን በጉዲፈቻ መውሰዳቸውም በ2010 ዓ.ም. በሕግ ስለ ቀረ፣ ልጆቻችንን የማሳደጉ ኃላፊነት ይበልጥ በእኛው ትከሻ ላይ ወድቋል።

5. ከአንዲት እናት የምንማረው

ስለ ሕፃናት እርዳታ ሲነሣ የወ/ሮ አበበች ጎበና ስም ሳይጠራ አይታለፍም። ወ/ሮ አበበች በ1972 ዓ.ም. ለመንፈሳዊ ጉዞ ወደ ግሸን ማርያም ወርደው ሳለ በወሎ የነበረውን ረኃብ በዓይናቸው አዩ። በመንገድ ዳር ከወደቁት መካከል የሞተች እናቱን ጡት ሊጠባ የሚታገል ሕፃን አገኙ። ይዘውት የነበረውን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አከፋፈሉ፤ ያንንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘውም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከባድ ነው። ከባለቤታቸውና ከዘመዶቻቸው “ወይ ልጆቹን ወይ እኛን” የሚል ምርጫ ቀረበላቸው፤ ልጆቹን መረጡ። የሞቀ ቤታቸውን ትተው በዶሮ ቤት ውስጥ ከልጆቹ ጋር ኖሩ። ቆሎና እንጀራ እየሸጡ አሳደጓቸው። ድርጅታቸው ሕጋዊ ፈቃድ ያገኘው በ1978 ዓ.ም. ነው። ወ/ሮ አበበች በሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የወሎውን ልጅ ያነሡት ወ/ሮ አበበች የተወለዱት በሰሜን ሸዋ ነው። ሕፃኑን ከማንሣታቸው በፊት ዘሩን አልጠየቁም፤ የሚጠየቀውም ሞቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ብር ከመጣ በኋላ አልጀመሩም። ቆሎው ቀደመ፣ ድርጅቱ ተከተለ። ሦስተኛ፣ ሥራቸው ልጆችን በአንድ ግቢ ሰብስቦ በማሳደግ ብቻ አልቆመም። ልጆች በየቤተሰባቸው እንዳሉ እንዲደገፉ፣ እናቶችም ሙያ ተምረው ራሳቸውን እንዲችሉ ማድረግ የሥራቸው ትልቁ ክፍል ሆነ።

ይህ ሦስተኛው ነጥብ በሌላ በኩልም ይታያል። በደርግ ዘመን በአላጌ የሕፃናት አምባ ተቋቁሞ ወላጆቻቸውን ያጡ ብዙ ልጆች አድገውበታል፤ ከእነርሱም ቁም ነገር ላይ የደረሱ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አምባው በነበረበት መልኩ አልቀጠለም። አንድ ትልቅ ግቢ በአንድ እጅ ላይ ሲንጠለጠል፣ እጁ ሲዝል ልጆቹ ዳግመኛ ይበተናሉ። አክስት፣ አያት፣ ጎረቤት፣ የክርስትና እናት ግን አይበተኑም። ማሳደጊያ ሌላ አማራጭ ለጠፋበት ልጅ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን የመጨረሻው በር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

6. እኛ ምን እናድርግ?

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንደሚባለው፣ ሥራው በአንድ ወጣት አቅም የማይሞከር ቢሆንም በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አቅም የሚቻል ነው። ከዚህ በታች በቅደም ተከተል እናስቀምጠዋለን።

ሀ. በቅድሚያ እንወቅ። ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዱ አማርኛ ሌላው አፋን ኦሮሞ የሚችል፣ ወደ ቤተሰቦቹ እንሂድ። ስንገባ “እማማ”፣ “አባባ”፣ “አያ”፣ “አዴ” እያልን በአክብሮት እንጠይቅ። ያላቸውንም እንጠይቅ እንጂ የጎደላቸውን ብቻ አንቁጠር። ሸማኔ የነበረ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ ሰሊጥ የሚያውቅ ገበሬ በላስቲክ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል።

ለ. ጥቂት፣ ግን ሳያቋርጥ። በበዓል ቀን ብዙ ሰጥቶ ስድስት ወር መጥፋት ለተቀባዩ ጭንቀት ነው። በምሳሌ እንመልከተው። አርባ ወጣቶች በወር 25 ብር ቢያዋጡ በወር 1,000፣ በዓመት 12,000 ብር ይሆናል። ይህ ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን የሚመጣበት ቀን የታወቀ ስለ ሆነ አንዲት እናት ደብተሩን፣ ሳሙናውንና ወፍጮውን አስባ ትይዘዋለች። ደጉ ሳምራዊም (ሉቃስ 10) የቆሰለውን ሰው ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ በሁለት ዲናር አደራ ከሰጠ በኋላ፣ ስመለስ የጎደለውን እከፍላለሁ ብሎ ነበር። ተመልሶ የሚመጣ ረጂ እንሁን።

ሐ. ለቆላችን የሚስማማውን እንስጥ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ፣ ከዝናቡም በኋላ ወባው አለ። ስለዚህ ከአሮጌ ልብስ ይልቅ አጎበር፣ የጣሪያ ላስቲክ፣ የውኃ ጀሪካን ይቀድማል። ጉልበታችንን ደግሞ ማንም አያስከፍለንም። ሣር አጭዶ፣ እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ ረግጦ ለአንዲት መበለት ጎጆ በደቦ ማቆም የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው። ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስም ከእኛ ይጠበቃል።

መ. ልጁን ወደ ትምህርት፣ ቤተሰቡን ወደ ሥራ። በመፈናቀል ሁለትና ሦስት ዓመት ያመለጠው ልጅ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ ስለሚያፍር ያቋርጣል። እኛ በዩኒቨርሲቲ የምንማር ክረምት ለዕረፍት ስንመለስ የማጠናከሪያ ትምህርት ብንሰጥ ይህን እፍረት ማራቅ እንችላለን። ለእናቲቱም ጥቂት ዶሮ፣ ወይም ጉልት የምትቸረችርበት የመነሻ ገንዘብ፣ ለአባትየው ማረሻና ዘር ይገኝለት። እነዚህ ቦዔዝ ሆን ብሎ እንዲጣሉ ያደረጋቸው ዘለላዎች ናቸው።

ሠ. የተለያየውን እናገናኝ። ብቻውን የቀረ ልጅ ሲገኝ እኛው ወስደን አናስቀምጠው። ለቀበሌውና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እናሳውቅ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ ሥራ አለው። “የማን ልጅ ነህ?” የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነው። ልጁ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ፍርሃቱ ሲቀልለት ቀስ ብለን እንጠይቀው። የአያቱን ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን ስም፣ ውኃ የሚቀዱበትን ወንዝ፣ የበሬያቸውን ስም እንኳ ሊያውቅ ይችላል። ከእነዚህ አንዷ ወደ እናቱ ልታደርሰው ትችላለች።

ረ. መዝገብና ክብር። ገንዘቡ በደረሰኝ ይግባ፣ በሁለት ሰው ፊርማ ይውጣ፣ በየሦስት ወሩም ሒሳቡ በጉባኤ ይነበብ። የሚረዱትን በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ፣ እንደ ሰባቱ ዲያቆናት፣ ከተፈናቀሉት ከራሳቸው መካከልና ከሁለቱም ቋንቋ ተናጋሪዎች ሰው ይኑር። በመዝገቡ ላይ የቤተሰብ ብዛት፣ የሕፃናት ዕድሜ፣ የሕመምተኛ መኖር ይጻፍ፤ ብሔርና ሃይማኖት የሚል ዓምድ ግን አይኑረው። ልጅን አስቁሞ ዘይትና ዱቄት አስታቅፎ ፎቶግራፍ ማንሣትም ይቅር። ያ ልጅ ነገ አድጎ መሐንዲስ ወይም ቄስ ሲሆን ያ ሥዕል እንዲያሳፍረው አንፈልግም።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ያየነውን ባጭሩ እንሰብስበው። መጠጊያ ያጣ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ ማየት ይቅደም። አገራችን ራስዋ የተጠጉና ያስጠጉ ሰዎች ሥራ ናት። የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን በቋንቋ የተነሣውን የእደላ ክርክር በፍትሕ ፈታችው። አባቶቻችን ለባዕድ ልጅ “የእኔ” የሚሉበትን ሥርዓት ትተውልናል። ልጅን ከቤተሰቡ ጋር አድርጎ መርዳት ለይቶ ከማሳደግ ይበልጣል።

አንዳንዶች “እኛ ራሳችን የተጎዳን ነን፤ ቁስላችን ሳይድን የሌላውን እንዴት እንጠግን?” ይሉ ይሆናል። ይህን የሚሉትን አንነቅፍም። ቤቱ የተቃጠለበትና ወንድሙን የቀበረ ሰው ሐዘኑ ሊከበርለት ይገባል፤ ፍትሕም ሊጠይቅ መብቱ ነው። ነገር ግን ፍትሕ የሚጠየቀው ከበደለኛው እንጂ ከሕፃን አይደለም። ዛሬ በሁለቱም ወገን ያሉ ሕፃናት እየተመለከቱን ናቸው። በተራቡ ጊዜ ማን በር እንደ ዘጋባቸው፣ ማንስ እንደ ከፈተላቸው አይረሱም። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በዚህ ሸለቆ ጎን ለጎን የሚያርሱት እነርሱ ናቸው። ያን ጊዜ ሰላም ይኑር ወይም አይኑር፣ ዛሬ በምንሰጠው አንድ ሳህን በቆሎ ቂጣና በአሰጣጣችን ሁኔታ በከፊል ይወሰናል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ በመጨረሻው ቀን እንግዳ ስለ መቀበልና የታረዘ ስለ ማልበስ እንደሚጠይቀን ነግሮናል። በዚያ ጥያቄ ውስጥ “የማን ልጅ እንደ ሆነ አጣርታችሁ ነበር ወይ?” የሚል የለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ካሉት ቤት ያጡ ቤተሰቦች መካከል ከአራቱ ዓይነቶች የትኞቹ ይገኛሉ? ያስጠጓቸውስ እነማን ናቸው?

2. ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ተነሥታችሁ፣ “ተረስተናል” የሚል ወገን ቢቀርብ የእርዳታ ኮሚቴያችን ምን ማድረግ እንዳለበት ተወያዩ።

3. ስለ ጉዲፈቻ ወይም ስለ የጡት ልጅ ሥርዓት ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት ባልቴት ጠይቃችሁ በሚቀጥለው እሑድ ለክፍሉ አሰሙ።

4. ተጠግቶ የሚኖር ልጅ እንደ ልጅ እየተያዘ ነው ወይስ እንደ ሠራተኛ? ይህን የምናውቀው በምን ምልክት ነው? ብናውቅስ ለማን እንነግራለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።